ድስት ሳይጥዱ መመረቅ ይቅር!

በዚህ ጋዜጣ ላይ ስለ ወጥ መጻፋችን የሚያስቃቸው እንደሚኖሩ እናውቃለን። «ምነው፣ የሥነ ትምህርት ጉዳይ አልቆ ነው ወደ ማጀት የገባችሁት?» የሚለንም አይጠፋም። ግድ የለም፣ ይሳቅብን። ነገር ግን ክረምቱ ገብቷል፤ የማደሪያው ግድግዳ ማላብ ጀምሯል፤ ከምረቃ በኋላም ብዙዎቻችን የምንመደበው ከዚህ ወደሚብስ ብርድ ነው። ስለዚህ ከእጩ መምህራንም ከአሠልጣኞችም የተውጣጣን የዚህ ዓምድ ጸሐፊዎች አቋማችንን ገና ከመነሻው ግልጽ እናድርገው፦ ወንድ ይሁን ሴት፣ አንድ ድስት ትኩስ ወጥ በገዛ እጁ ሠርቶ ማቅረብ የማይችል እጩ መምህር ሥልጠናው ጎድሎታል እንላለን።

ነገሩን ከሆድ እንጀምር። አዲስ መምህር የሚመደበው አብዛኛውን ጊዜ ሰው ተሻምቶ ወደማይሄድበት ቦታ ነው። መንዝ ሊሆን ይችላል፣ ጋይንት ሊሆን ይችላል፣ የስሜን ወይም የባሌ ደጋ ሊሆን ይችላል። እዚያ ሲደርስ አንዲት ክፍል ይከራያል፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ሻንጣ መጽሐፍ። የክረምቱ ብርድ የእርጥበት ብርድ ነው፣ ልብስ አያደርቅም፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደግሞ ውርጭ ነው፣ ሣሩን ነጭ አድርጎት ያድራል። ታዲያ ይህ ወንደላጤ ምን ይበላል? ቀን ቀን ከምግብ ቤት በዱቤ፣ ማታ ማታ ደግሞ ከቤት የተላከለትን ድርቆሽ በሻይ። ወሩ ሲያልቅ ደመወዙ ወደ ዱቤው ይሄዳል። በሁለተኛው ወር መክሳት ይጀምራል፤ በሦስተኛው ወር የዝውውር ማመልከቻ ይጽፋል። መምህራን ከገጠር የሚሸሹት ወጥ መሥራት ስለማይችሉ ነው አላልንም። የደመወዝ ጉዳይ አለ፣ የመንገድ አለ፣ የቤት አለ፣ ሌላም ብዙ አለ። ነገር ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊማሩት የሚቻለውን ነገር ሳይማሩ ሄዶ በብርዱ ላይ ረሀብ መጨመርን ምን ይሉታል?

ሁለተኛው ምክንያታችን ከሆድም ይበልጣል። ድስት ቤተ ሙከራ ነው። የሳይንስ ማስተማሪያ ዘዴ ስንማር «በአካባቢያችሁ በሚገኙ ቁሳቁሶች ተጠቀሙ» እንባላለን። እንጽፈዋለን፣ እንፈተነዋለን፣ እናልፋለን። ከዚያ ለልምምድ ክፍል ስንገባ «ኢመልሽን ማለት» ብለን ትርጉሙን በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደረድራለን። ልጁ ቃሉን ይሸመድዳል። ነገሩን ግን እናቱ በየቀኑ ፊቱ ስትሠራው እያየ፣ ነገሩና ቃሉ አንድ መሆናቸውን ሳያውቅ ያድጋል። ጥፋቱ የልጁ ነው እንዴ?

ለምሳሌ የመረጥነው ወጥ የኛ አይደለም። በደቡብ ምዕራብ ህንድ፣ በኬረላ፣ በኮኮናት ወተት የሚሠራው የዶሮ ካሪ ነው። የኛን ዶሮ ወጥ የተውነው ንቀነው አይደለም፤ ሰው የለመደውን ነገር ስለማያየው ነው። የሌላ ሰው ማጀት ውስጥ ሲገባ ግን «ይኼ ለምንድን ነው?» ማለት ይጀምራል። ደግሞም ኬረላ ለኢትዮጵያ መምህር ፍጹም ባዕድ አገር አይደለችም። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ካስተማሩት የህንድ መምህራን ብዙዎቹ ከዚያ የመጡ ነበሩ። ዛሬ ጡረታ የወጡትን አንጋፋ መምህራን ሒሳቡንና ፊዚክሱን ከማን እንደተማሩ ጠይቋቸው። ያን ሁሉ ቀመር ከእነርሱ ስንቀዳ፣ ማታ ማታ ቤታቸው ከሚጥዱት ድስት ምንም አለመቅዳታችን ትንሽ ያስቆጫል።

በቅድሚያ ስለ ስሙ፤ የቋንቋ ክፍል ሰዎች ይህችን አንቀጽ ለናንተ ትተናል። «ካሪ» የሚባል አንድ ምግብ የለም። ቃሉ ከታሚል ቋንቋ እንደመጣና በሩዝ የሚበላን መረቅ ወይም ማባያ ያመለክት እንደነበር ይነገራል። እንግሊዞች ናቸው የህንድን ወጥ ሁሉ በአንድ ስም ጠቅልለው የጠሩት። እ.ኤ.አ. በ1747 ሐና ግላስ የምትባል እንግሊዛዊት ባሳተመችው የምግብ አሠራር መጽሐፍ ውስጥ «እንደ ህንዶች» የሚሠራ ካሪ ይገኛል። ቆይቶም ቢጫ ዱቄት በጣሳ ታሽጎ «ካሪ» ተብሎ ተሸጠ። እኛም ብንሆን ሽሮን፣ ምስርን፣ ዶሮንና ቀይ ሥጋን ሁሉ «ወጥ» እንላለን፤ ግን «የወጥ ዱቄት» ብሎ አንድ ጣሳ ቢሸጥልን የምንስቅ ይመስለናል። እንግዲህ ካሪ ሠራሁ የሚል ሰው የየት አገሩን፣ የምኑን ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የኬረላው እንዲህ ነው የሚሠራው። የበሰለ ኮኮናት ይሰበርና ነጩ ሥጋው ይፈቀፈቃል። ለብ ባለ ውሃ ይታሽና በጨርቅ ይጨመቃል። የመጀመሪያው ጭማቂ ወፍራም ነው፣ ለብቻው ይቀመጣል። በዚያው ፍቅፋቂ ላይ እንደገና ውሃ ጨምረው ሲያሹት ሁለተኛው ጭማቂ ይወጣል፤ ቀጠን ያለ ነው። ጠላ የሚጠምቁ እናቶቻችን ነገሩ ወዲያው ይገባቸዋል፤ ከአንድ ጥንስስ የመጀመሪያውም ቅራሪውም ይወጣል አይደል? ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ነጭ ሽንኩርቱና ቃሪያው በኮኮናት ዘይት ይቁላላሉ፤ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ሄል፣ ቁንዶ በርበሬና እርድ ይገባሉ፤ የካሪ ዛፍ ቅጠልም ይጨመራል። ዶሮው ገብቶ የሚበስለው በቀጭኑ ወተት ነው። ወፍራሙ ወተት የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፤ ከገባ በኋላም ድስቱ ለስለስ ባለ እሳት ትንሽ ቆይቶ ይወጣል እንጂ እንዲንፈቀፈቅ አይተውም።

ለምን? ትምህርቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የኮኮናት ወተት ውሃና ዘይት ነው፤ ወተቱ ነጭ የሆነው ደቃቅ የዘይት ጠብታዎች በውሃው ውስጥ ተበትነው ብርሃንን ስለሚመልሱ ነው። ጠብታዎቹ ተሰባስበው እንዳይንሳፈፉ የሚያደርጋቸው ዙሪያቸውን የሸፈናቸው ፕሮቲን ነው። በኃይል ሲፈላ ወይም ሎሚ ሲበዛበት ይህ ፕሮቲን ይረጋል፤ ጠብታዎቹ ይላቀቃሉ፤ ዘይቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከሥሩ እንደ አይብ የተቋጠረ ነገር ይቀራል። የኬረላዋ ባለሙያ ይህን በቃል ላታስረዳ ትችላለች፤ ወፍራሙን ወተት መቼ እንደምትጨምር ግን ታውቃለች። የታይላንድ ባለሙያ ደግሞ ተቃራኒውን ታደርጋለች፤ ወፍራሙን ወተት አስቀድማ ጥዳ ሆን ብላ ዘይቱን ታስለየዋለች፤ በዚያ በወጣው ዘይት ቅመሙን ታቁላላበታለች። አንዱ ሕግ፣ ሁለት አጠቃቀም። አንድ የኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ ከዚህ የተሻለ ምን ምሳሌ ይፈልጋል?

ስለ ቅመሙም አንድ ነገር ማለት አለብን። ቃሪያና በርበሬ የሚያቃጥሉበት ንጥረ ነገር በውሃ አይሟሟም፣ በቅባት ግን ይሟሟል። አፉ የተቃጠለ ሰው ውሃ ሲጠጣ እሳቱ የማይበርድለት፣ አይብ ወይም እርጎ ሲቀምስ ግን ዕረፍት የሚያገኘው ለዚህ ነው። ከክትፎ ጋር አይብ የሚቀርበው፣ ዶሮ ወጥ ላይም አይብ ጣል የሚደረገው እንዲያው ለጌጥ አይደለም። የኮኮናቱም ወተት ሥራው ያው ነው፤ የቃሪያውን ስለት ያለዝበዋል፣ የእርዱን ቀለምና የቅመሙን መዓዛ ይዞ ያሰራጨዋል። ብርድ ላይ እንዲህ ያለ ወጥ የሚፈለገውም በከንቱ አይደለም። ከአንድ ግራም ቅባት ወደ 9 ኪሎ ካሎሪ ይገኛል፤ ከአንድ ግራም ገንቢ ምግብ ወይም ከአንድ ግራም እህል ሲሆን ወደ 4 ነው። እርግጥ የኮኮናት ቅባት አብዛኛው እንደ ቅቤና ሞራ ያለው ዓይነት ስለሆነ የጤና ባለሙያዎች በየቀኑ አትብሉት ይላሉ። የመምህር ደመወዝም በየቀኑ አያስበላውም፤ በዚህ በኩል ሥጋት የለንም።

ደጋ ላይ ደግሞ ሁለት ነገር ይለወጣል። አንደኛው የዘይቱ ጠባይ ነው። የኮኮናት ዘይት የሚረጋው ወደ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሆነ ኬረላ ዳርቻ በጠርሙስ ሆኖ ሲንጠባጠብ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ግን እንደ ሻማ ድርቅ ብሎ ይቀመጣል። ወጡም እንዲሁ፤ ሳህን ላይ ከቀዘቀዘ ፊቱ ስብ ይሠራል። ስለዚህ በትኩሱ ይበላል፣ ወሬውም በኋላ ይደርሳል። ሁለተኛው የመፍያው ሙቀት ነው። ከባሕር ጠለል ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ግን በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እሳት ቢጨመር ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። ኬረላ ውስጥ በ40 ደቂቃ የሚበስል ዶሮ መንዝ ላይ ያን ያህል ጊዜ ሲሆን ገና እንቢ ይላል፤ በዚያ ላይ የሐበሻ ዶሮ ሲሮጥ ያደገ ነው። የገጠር መምህር «እሳቱ ደካማ ነው» እያለ ከሰል ሲያባክን የሚውለው ይህን ስለማያውቅ ነው። የሚያስፈልገው ክዳንና ትዕግሥት ነው። ሥጋውን ከአጥንቱ ጋር ያያያዘው ጅማት በእርጥብ ሙቀት ቀስ እያለ ወደ ልስልስ ነገር ይለወጣል፤ መረቁንም የሚያወፍረው እሱ ነው።

እስካሁን ያለውን ሲሰሙ ቅር የሚላቸው ሰዎች እንዳሉ ከወዲሁ ሰምተናል። አንዱ ወገን «የባዕድ ምግብ ምን ያደርግልናል? የኛ ባልትና አንሶን ነው?» ይላል። ለዚህ ወገን ክብር አለን፤ ግን ድስቱን ከፍቶ ቢያይ ጥሩ ነበር። በርበሬ የመጣው ከአሜሪካ ምድር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1492 በፊት በኢትዮጵያም ሆነ በህንድ አንድም ሰው በርበሬ ቀምሶ አያውቅም። ወደ ህንድ ያደረሱት በ16ኛው መቶ ዘመን ፖርቱጋሎች ናቸው። ድንቹን በ19ኛው መቶ ዘመን ወደ አገራችን አስገባ የሚባለው ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የዕፅዋት አዋቂ ነው። ዶሮዋ ራሷ ዘሯ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ ነው። ቁንዶ በርበሬ ደግሞ የዚያው የኬረላ ተክል ነው። በ1ኛው መቶ ዘመን በግሪክ ቋንቋ የተጻፈ አንድ የባሕር ነጋዴ መጽሐፍ በአንድ በኩል የኛን አዱሊስን፣ በሌላ በኩል ቁንዶ በርበሬ የሚጫንበትን የኬረላ ወደብ ሙዚሪስን ይጠቅሳል። ታዲያ የባዕድ የሚባለው የቱ ነው? እናቶቻችን የመጣውን ሁሉ ተቀብለው የራሳቸው አደረጉት እንጂ በር ዘግተው አልተቀመጡም።

ሌላው ወገን «ኮኮናት በመምህር ደመወዝ?» ይላል። ይህኛው ተቃውሞ እውነት አለው፣ ልናጣጥለው አንፈልግም። የኮኮናት ዛፍ የሚወደው ሙቀትና ቆላ ነው፤ ደጋችን ላይ አይበቅልም። በአዲስ አበባ ትልልቅ ሱቆች በቆርቆሮ የታሸገ ወተቱ ይገኛል፤ ዋጋው ግን የሚቀመስ አይደለም፤ ጋይንት ድረስ ይዞ የሚሄደውም የለም። እንግዲህ የመምህርነት ሙያ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ኮኮናቱ ወጡ ውስጥ ምን ይሠራል? ዘይት በውሃ ውስጥ በትኖ መረቁን ያወፍራል፣ ቃሪያውን ያለዝባል። ይህን የሚሠራ ሌላ ነገር በቅርባችን የለም ወይ?

አለ እንጂ! ሱፍ አለ። የሱፍ ፍትፍት የማያውቅ ማን ነው? ሱፉ ይለቀማል፣ በውሃ ገንፈል ይደረጋል፣ ይወቀጣል ወይም ይፈጫል፣ በውሃ ይበጠበጣል፣ በንጹሕ ነጠላ ተጨምቆ ይጣራል። የሚወጣው ነጭ ወተት ነው። አሠራሩን ከኮኮናቱ ጋር አስተያዩት፤ መፈቅፈቅን በመውቀጥ ከተካን በኋላ የሚቀረው ሁሉ አንድ ነው። ያው ዘይት፣ ያው ውሃ፣ ያው ጠብታውን የሸፈነ ፕሮቲን። የኬረላና የኢትዮጵያ ሴቶች ሳይገናኙ አንድ መላ ላይ ደርሰዋል። የዘይቱ ዓይነት ግን ይለያል፤ የሱፍ ዘይት ደብረ ብርሃን ላይም አይረጋም፣ ስለዚህ ወጡ ቢቀዘቅዝም ፊቱ ላይ ሻማ አይሠራም። እንዳናታልላችሁ፣ የኮኮናቱን ጣፋጭነት በሱፍ አታገኙትም። የሚገኘው ሌላ ጣዕም ነው፤ ጭስ ጭስ፣ ለውዝ ለውዝ የሚል። እኛ በበኩላችን ወደነዋል። ሱፍ በሌለበት ቆላ ለውዝ ታምሶ፣ ልሞ፣ በውሃ ተበጥብጦ ይህንኑ ይሠራል። በምዕራብ አፍሪካ የዶሮ ወጥ በለውዝ መሥራት የታወቀ ነው።

እስቲ ለ6 ሰው እንዲሆን አድርገን እንንገራችሁ። አንድ ዶሮ ታርዶ፣ ተገንጥሎ፣ በሎሚና በጨው በደንብ ታጥቦ ይቀመጥ። ጥሬ ዶሮ የታጠበበት ውሃ ወደ ሌላ ዕቃ እንዳይረጭ፣ የተገነጠለበትም ቢላዋ ሳይታጠብ ሰላጣ እንዳይቆረጥበት፤ ይህን የምንለው በሽታ ስላለው ነው። አሥራ ሁለቱን ብልት ማውጣት የምትችሉ አውጡ፤ የማትችሉም በስምንት ቢሆን ማንም አይከሳችሁም። 4 መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት በቀጭኑ ተቆርጦ በ3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይቁላላ። እዚህ ላይ ከዶሮ ወጥ ልዩነት አለው፦ ለዶሮ ወጥ ሽንኩርቱ ብዙ ነው፣ ያለ ዘይት በደረቁ ለረጅም ጊዜ ይቁላላል፣ እስኪጠፋም ይጠበቃል፤ ለዚህኛው ግን ወርቅማ ሲመስል ይበቃዋል። አንድ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብልና 6 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ተወቅጦ ይግባ፤ 3 ቃሪያ ለሁለት ተሰንጥቆ፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ፤ አንድ የሻይ ማንኪያ የተደቆሰ ቁንዶ በርበሬ፤ አንድ ቁራጭ ቀረፋ፤ 4 ፍሬ ቅርንፉድ። ሄል ከሌለ የኛው ኮረሪማ አለ፤ ዘመዱ ነው፣ ጠረኑ ግን ይከብዳልና 2 ፍሬ ብቻ። የካሪ ቅጠል አታገኙም፤ በላዩ ላይ በሶብላ እናድርግ የሚሉ አሉ፣ ግን ጣዕሙን ወደ ሌላ ስለሚወስደው እኛ ባይገባ እንመርጣለን።

ቅመሙ ሲሸት ዶሮው ይግባና እየተገላበጠ ውሃው ይምጠጥ። ከዚያ ቀጭኑ ወተት። የኮኮናት ቆርቆሮ ያገኘ ሰው ከላይ የረጋውን በማንኪያ አንስቶ ያስቀምጥ፤ የቀረውን በሁለት ብርጭቆ ውሃ አቅጥኖ ይጨምር። በሱፍ የሚሠራው ደግሞ አንድ ብርጭቆ ሱፍ በሁለት ብርጭቆ ውሃ በጥብጦ ወፍራሙን ያስቀምጥ፤ አተላውን በሌላ ሁለት ብርጭቆ ውሃ እንደገና አሽቶ ቀጭኑን ይጨምር። ጨው፣ ክዳን፣ ለስለስ ያለ እሳት። ለጫጩትነት የቀረበች ዶሮ ደጋ ላይ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ያረጀች እንቁላል ጣይ ከሁለት ሰዓት በላይ ልትፈልግ ትችላለች፤ ሰዓት አትመኑ፣ ሥጋው ከአጥንቱ ሲላቀቅ ነው በስሏል የሚባለው። ድንች የሚጨምር ሰው ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ይጨምር። በመጨረሻ ወፍራሙ ወተት ይግባ፣ በማማሰያ ቀስ ተደርጎ ይማሰል፣ ዳር ዳሩ ገንፈል ማለት ሲጀምር ይውጣ። ሎሚ የሚወድ ከወጣ በኋላ ሳህኑ ላይ ይጭመቅ። ድስቱ ውስጥ ጨምቆ ወተቱ ሲቋጠር ያየ ሰው ቀደም ሲል ስለ ፕሮቲን ያልነውን እንደገና ያንብብ።

በምን ይበላል ለሚለው፣ ኬረላዎች በሩዝ ወይም አፓም በሚሉት ይበሉታል። አፓም ሌሊቱን ከቦካ የሩዝ ሊጥ የሚጋገር ነው፤ ዓይን አለው፣ መረቅ ይመጣል። ነጭ ጤፍ እንጀራ ያለው ሰው ሩዝ ፍለጋ መውጣት አያስፈልገውም ማለት ነው። የኬረላ ክርስቲያኖች በገናና በፋሲካ ጧት አፓምን ነጣ ባለ የኮኮናት ወጥ ይበሉታል፤ ከዶሮም ከበግም ይሠሩታል። በዓል ጧት በቦካ እንጀራ ዶሮ መብላት የኛ ብቻ ይመስለን ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ። «ወንድ ልጅ ማጀት ገብቶ...» የሚለው አነጋገር በዚህ ተቋም ግቢ ውስጥ ዛሬም ይሰማል፤ የሚገርመው ከወንዶቹ ብቻ አለመሆኑ ነው። የባልትና ትምህርት ሲነሳ ፊቱን የሚያዞር እጩ መምህር አለ፤ «የሴቶች ነገር» ይላል። ይኸው ሰው የምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ወንድ ሲሆን «ሼፍ» ብሎ ያከብራል! ነገ ክፍል ገብቶ «ወንዶችና ሴቶች እኩል ናችሁ» ብሎ የሚያስተምረው እሱ ነው። ልጆች ቃል አይሰሙም፣ ያያሉ። የመምህሩ ምሳ በየቀኑ ከአንዲት ተማሪ ቤት ተሠርቶ ሲመጣ፣ ወይም ከትምህርት ይልቅ ውሃ ቀድታ ድስት እንድታጥብ የምትጠራው ሴቷ ልጅ ብቻ ስትሆን ያያሉ። እንዲህ ያለውን አይተን ዝም ያልነው እኛው መምህራን ነን የሚሉ አሉ፤ ክርክሩን እዚህ አንጨርሰውም። መምህሩ የራሱን ድስት ራሱ ሲጥድ ያየ ተማሪ ግን ስለ እኩልነት የተጻፈ ምዕራፍ ሳያነብ አንድ ነገር ይዞ ይሄዳል።

ሳንጽፈው ማለፍ የማንችለው አንድ ነገር አለ። ብርድ ላይ ያለ ሰው ከሰል ሲያቀጣጥል ሁለት ጥቅም ያያል፤ ወጡም ይበስላል፣ ቤቱም ይሞቃል። ከዚያ በሩን ይዘጋል፣ መስኮቱን በጨርቅ ይወትፋል፣ ፍሙን እንዳለ ትቶ ይተኛል። በዚህ የሞቱ ሰዎች ወሬ በየክረምቱ ይሰማል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይይዘዋል፤ የያዘውንም ቶሎ አይለቅም። ራስ ምታቱን ሰው ጉንፋን ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ከዚያ እንቅልፍ ይመጣል። ስለዚህ ከሰል ውጪ ይቀጣጠላል፤ ከተቻለም ውጪ ወይም በረንዳ ላይ ይበሰላል፤ ግዴታ ቤት ውስጥ ከሆነ በርና መስኮት ይከፈታል፤ ከመኝታ በፊት ምድጃው ከነፍሙ ይወጣል። ብርዱ ይግባ፣ ብርድ ልብስ ይደረብ። ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ሁሉ የረሳ ሰው ይህችን አንቀጽ እንዳይረሳ፤ ለተማሪዎቹም ያስተምር።

እንግዲህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። አዲስ ኮርስ ይከፈት፣ አዲስ በጀት ይያዝ አላልንም፤ እንዲያ ብንል ደብዳቤው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር እኛም እንመረቃለን። የምንለው የሳይንስ ማስተማሪያ ዘዴ ከሚሰጥባቸው ሰዓቶች ሁለቱ ወደ ማብሰያ ቤቱ ጓሮ ይዛወሩ ነው። የፊዚክስ አሠልጣኞቻችን ቴርሞሜትር ይዘው ይምጡ፣ ውሃው ስንት ዲግሪ ላይ እንደሚፈላ በዓይናችን እንይ። ኬሚስትሪዎች ሎሚውን ይያዙ፤ አንዱን ድስት ሆን ብለው ያበላሹልን፣ ያን ጊዜ ኢመልሽን ምን እንደሆነ ማንም አይረሳም። የሱፉን ነገር ደግሞ የሚያስተምሩን የማብሰያ ቤቱ እናቶች ናቸው፤ በዚያን ዕለት አሠልጣኞቹ እነርሱ ናቸው፣ እኛም ሌሎች አሠልጣኞችም ማስታወሻ እንይዛለን። የጾም ወቅት ላይ ከዋለ ዶሮው ይቅርና ድንችና ካሮት ይግባበት። ኬረላዎችም ሥጋ በማይበላበት ቀን ያንኑ ወጥ በድንች ይሠሩታል፣ የሱፉ ወተትም መቼም የጾም ነው።

እስከዚያው ግን አስተዳደሩ እስኪወስን ቁጭ ብለን አንጠብቅም። ከዚህ ጋዜጣ ሥር ባዶ ወረቀት ለጥፈናል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መምጣት የሚፈልግ ስሙን ይጻፍ። ወንዶች ሽንኩርት ይልጣሉ፤ አልቅሰው ቢታዩ የሽንኩርቱ ነው። ሱፍ ከቤት የተላከላችሁ ካላችሁ አንድ ብርጭቆ አምጡ። ሳህንና ማንኪያ እያንዳንዱ ከራሱ።